የዳነው ወፍ ሲበዛ፦ የዱር ዝይና የከተማ መናፈሻ

ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የመመናመን ታሪክ ነው። ዋልያም ሆነ ቀይ ቀበሮ፣ የሰው ልጅ እርሻውንና ከብቱን ባስፋፋ ቁጥር መኖሪያቸው እየጠበበ መሄዱን በትምህርት ቤት ተምረናል። የዚህ ተቃራኒ የሆነ ችግር መኖሩ ግን እምብዛም አይነገርም። አንድ የዱር እንስሳ ከመጥፋት ከዳነ በኋላ ከተማው ይበልጥ ተስማምቶት ከመጠን በላይ ቢበዛስ ምን ይደረጋል?

በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በሰሜን አሜሪካ ከተሞች መናፈሻዎች በሚኖረው የካናዳ ዝይ ምሳሌነት ለመመርመር እንሞክራለን። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የመናፈሻ ጽዳት ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን የአውሮፕላን መንገደኞች ደኅንነትና የብዙ ሺህ ወፎች ሕይወት የሚወሰንበት፣ የሥነ ሕይወት፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ ዕውቀት በአንድነት የሚጠየቅበት ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከመጥፋት አፋፍ እስከ መትረፍረፍ

የካናዳ ዝይ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ብራንታ ካናደንሲስ፣ ጥቁር ራስና ረጅም ጥቁር አንገት ያለው፣ ከአገጩ እስከ ጉንጩ በሚዘልቅ ነጭ ምልክት በቀላሉ የሚለይ ትልቅ የውኃ ወፍ ነው። ከዝርያዎቹ መካከል ግዙፉ ከ5 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህ ወፍ ያለ ገደብ በመታደኑ፣ እንቁላሉ በመለቀሙና ረግረጋማ ቦታዎች ለእርሻ በመጠንፈፋቸው ምክንያት በእጅጉ ተመናምኖ ነበር። አደጋውን ለመግታት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1916 ካናዳን ከወከለችው ከብሪታንያ ጋር ተሰዳጅ አእዋፍን የሚጠብቅ ስምምነት ተፈራረመች። ስምምነቱን በሥራ ላይ የሚያውለው የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1918 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ አዳኞች ሌሎች ዝይዎችን ለመሳብ በሕይወት ያሉ ለማዳ ዝይዎችን በማባበያነት እንዳይጠቀሙ ተከለከለ። በዚህ ጊዜ ባለቤቶቻቸው ያላስፈለጓቸውን ለማዳ ዝይዎች በየአካባቢው ለቀቋቸው።

ግዙፉ ዝርያ በ1950ዎቹ ፈጽሞ እንደጠፋ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ግን ሃሮልድ ሃንሰን የተባሉ የኢሊኖይ ተመራማሪ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በሮቸስተር ከተማ፣ ሲልቨር በተባለው ሐይቅ ላይ የሚከርሙትን ዝይዎች መዝነውና ለክተው፣ ጠፋ የተባለው ዝርያ በሕይወት መኖሩን አረጋገጡ። የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ የሚለቀው ሞቃት ውኃ ሐይቁ በክረምት እንዳይረጋ በማድረጉ፣ ወፎቹ ከከተማው መሀል መጠለያ አግኝተው ነበር።

ከዚህ በኋላ የየክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች ዝይዎችን እያራቡ በየሐይቁና በየኩሬው ማስፈር ቀጠሉ። ይሁን እንጂ ዝይ የፍልሰት መንገዱን የሚማረው ከወላጆቹ ጋር አብሮ በመብረር ነው። በሰው እጅ ያደጉት ዝይዎች መንገዱን የሚያሳያቸው ስላልነበረ በተለቀቁበት ቦታ ቀሩ፤ ልጆቻቸውም እዚያው ተወለዱ። ዛሬ ‹‹ነዋሪ›› እየተባሉ የሚጠሩትና በሰሜን ካናዳ ከሚፈለፈሉት ‹‹ተሰዳጅ›› ዝይዎች የሚለዩት እነዚህ ናቸው። የመናፈሻው ችግር በአብዛኛው የነዋሪዎቹ ጉዳይ ነው።

መናፈሻው ለምን ተመረጠ?

ዝይ በዋነኛነት ሣር በል ነው። አጥብቆ የሚፈልገውም ረጅሙንና የጠነከረውን ሳይሆን ለጋውንና አጭሩን፣ በፕሮቲን የበለጸገውን ሣር ነው። የከተማ መናፈሻ ሣር ደግሞ በየሳምንቱ ስለሚታጨድ፣ ውኃ ስለሚጠጣና ማዳበሪያ ስለሚደረግለት ዘወትር ለጋ ነው። ከሣሩ አጠገብ ለውበት የተሠራ ኩሬ አለ። ሜዳው ገላጣ በመሆኑም ዝይው አዳኝ እንስሳ ሲመጣ ከሩቅ ያያል። በከተማ ውስጥ ጠመንጃ መተኮስ የተከለከለ ነው፤ ቀበሮና ሌሎች አዳኞችም ጥቂት ናቸው። በዚህ ላይ ሕፃናትና አረጋውያን ዳቦ ይወረውሩለታል። ለዝይ የተመቸ ቦታ ለመሥራት አስቦ የተነሣ መሐንዲስ እንኳ ከዚህ የተሻለ ነድፎ አይወጣም።

የወፉ የሕይወት ዑደትም ከመናፈሻው ጋር በእጅጉ ይስማማል። አዋቂ ዝይ በበጋው መጀመሪያ ላይ የክንፉን ላባ በአንድ ጊዜ ስለሚጥል ለአንድ ወር ያህል መብረር አይችልም። በዚህ ወቅት የሚያስፈልገው ምግብና ማምለጫ ውኃ ጎን ለጎን የሚገኙበት ቦታ ነው። ጫጩቶችም ለመብረር ሁለት ወር ገደማ ስለሚወስድባቸው እንዲሁ በእግራቸው ከውኃ ወደ ሣር መመላለስ አለባቸው። ሴቷ በ2 ወይም በ3 ዓመት ዕድሜዋ መራባት ትጀምራለች፤ በዓመት ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 እንቁላል ትጥልና ለ4 ሳምንታት ያህል ትታቀፋለች። እንቁላል የምትጥለውም አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ካደገችበት ቦታ አቅራቢያ ተመልሳ ነው። ዕድሜዋ ከ20 ዓመት ሊያልፍ መቻሉ ሲታከልበት፣ አንድ ጥንድ ዝይ የሰፈረበት ኩሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመንጋ መኖሪያ መሆኑ አያስገርምም።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ጉዳት ኩስ ነው። የዝይ ሆድ የሣርን ጭረት በሚገባ የመፍጨት ችሎታ የለውም። በመሆኑም ወፉ የሚያስፈልገውን ኃይል ለማግኘት ብዙ ሣር እየበላ ሳይቆይ ያስወግደዋል። ኩሱ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ወደ ኩሬው ሲያስገባ አልጌዎች ይባዛሉ። አልጌዎቹ ሞተው ሲበሰብሱ ደግሞ አብስባሽ ባክቴሪያዎች በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ስለሚጨርሱት ዓሣዎች ሊታፈኑ ይችላሉ። በኩሱ ውስጥ እንደ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ያሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሊገኙ መቻላቸውም የመዋኛ ዳርቻዎች በሚገኙባቸው መናፈሻዎች ሥጋት ይፈጥራል። ጎጆውን የሚጠብቅ ወንድ ዝይም በአጠገቡ የሚያልፈውን ሰው በክንፉና በምንቃሩ ማጥቃቱ የተለመደ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን በአየር ላይ የሚደርሰው አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 1995 በአላስካ ከሚገኘው የኤልመንዶርፍ አየር ኃይል ጣቢያ የተነሣ ወታደራዊ አውሮፕላን የካናዳ ዝይዎች ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት ተከስክሶ፣ የተሳፈሩት 24 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 ደግሞ ከኒውዮርክ ላጓርዲያ አየር ማረፊያ የተነሣ የዩኤስ ኤርዌይስ ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን ከ850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ሞተሮች ኃይላቸውን አጡ። ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር አውሮፕላኑን በሃድሰን ወንዝ ላይ በማሳረፋቸው 155ቱም ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች በሕይወት ተረፉ።

የላባው ምስክርነት

ከሃድሰኑ አደጋ በኋላ የብዙዎች ጣት የተቀሰረው በከተማዋ መናፈሻዎች ወደሚኖሩት ነዋሪ ዝይዎች ነበር። በእርግጥ ጥፋተኞቹ እነርሱ ነበሩን? የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለጉት ከሞተሮቹ ውስጥ በተለቀመው ላባ ነው።

ዘዴው የተመሠረተው በሃይድሮጅን አይሶቶፖች ላይ ነው። ሃይድሮጅን በአብዛኛው አንድ ፕሮቶን ብቻ ያለው አቶም ሲሆን፣ ጥቂቱ ግን ተጨማሪ ኒውትሮን ያለውና ከበድ የሚል ነው፤ ይህም ዲዩቴሪየም ይባላል። ከባዱን ሃይድሮጅን የያዘው ውኃ ከደመና ቀድሞ የመዝነብ ዝንባሌ ስላለው፣ ደመናው ወደ ሰሜንና ወደ ቀዝቃዛው ምድር በተጓዘ ቁጥር የሚጥለው ዝናብ የዲዩቴሪየም መጠን እያነሰ ይሄዳል። ይህንን ዝናብ ሣሩ ይጠጣዋል፤ ሣሩን ዝይው ይበላዋል፤ የተበላውም በላባው ውስጥ ይቀመጣል። ላባ አንድ ጊዜ ካደገ በኋላ ሕይወት የሌለው ነገር ስለሆነ ልኬቱ አይለወጥም። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ላባ ያደገበትን አገር ማኅተም ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹ ከሞተሮቹ የተገኘውን ላባ ከነዋሪዎቹ የኒውዮርክ ዝይዎችና ከሰሜን ከመጡ ተሰዳጆች ላባ ጋር አነጻጸሩት። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ባደረጉት ውጤት መሠረት አውሮፕላኑን የመቱት ዝይዎች ተሰዳጆች ሲሆኑ፣ ላባቸው ከካናዳ ላብራዶር አካባቢ ከሚመጡት ጋር የሚመሳሰል ነበር። ይህ ማለት ነዋሪዎቹ ለአውሮፕላን አያሰጉም ማለት አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በአየር ማረፊያ አጠገብ የሚውል ከባድ ወፍ አስጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ትርጉሙ በመናፈሻ ያሉትን ዝይዎች በሙሉ ማስወገድ ያንን አደጋ አያስቀረውም ነበር የሚል ነው። ከተሰዳጆቹ ለመከላከል የሚያስፈልገው ሌላ መንገድ፣ ይኸውም እንደ ራዳር ክትትልና የበረራ ሰዓትን ከፍልሰት ወቅት ጋር ማገናዘብን የመሰለ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት፣ እርምጃ ከመውሰድ በፊት የትኛውን ወፍ ለመቆጣጠር እንደተነሡ ለይቶ ማወቅ ነው።

የቁጥሩ ስሌት

ሁለተኛው ትምህርት የሒሳብ ነው። ነገሩን ለማቃለል የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ እኛ የመረጥናቸው ናቸው።

በአንድ መናፈሻ 100 ዝይዎች አሉ እንበል። ከእነዚህ 40 ጥንዶች እያንዳንዳቸው 5 እንቁላል ቢጥሉ ጠቅላላው 200 ይሆናል። ከአራት እንቁላል አንዱ ብቻ ተፈልፍሎና አድጎ አንድ ዓመት ቢሞላው 50 ወጣት ዝይዎች ይገኛሉ። ከአዋቂዎቹ መካከል 90ዎቹ እስከሚቀጥለው ዓመት ቢኖሩ፣ የመንጋው ብዛት 90 ሲደመር 50፣ ማለትም 140 ይሆናል።

አሁን ከእንቁላሎቹ ግማሹን እናምክን። ወጣቶቹ ወደ 25 ዝቅ ይላሉ፤ ድምሩ ግን 115 ነው፤ መንጋው አሁንም እያደገ ነው። ከመቶ 80 ያህሉን እንቁላል ብናመክን ወጣቶቹ 10 ይሆኑና መንጋው በ100 ይጸናል። ሁሉንም እንቁላል ብናመክን እንኳ በመጀመሪያው ዓመት የሚቀረው 90 ነው። ይህንኑ ሳናቋርጥ ለ10 ዓመት ብንቀጥል ከ100ዎቹ ገና 35 ያህሉ በመናፈሻው ይኖራሉ። ምክንያቱም ዝይ ረጅም ዕድሜ ያለው ወፍ ነው፤ እንቁላልን ማምከን አዲስ እንዳይመጣ ያደርጋል እንጂ ያለውን አይቀንስም።

በአንጻሩ በአንድ በጋ 50 ዝይዎችን ይዘን ብናስወግድስ? የቀሩት 50 በቀድሞው ፍጥነት ቢራቡ በመጀመሪያው ዓመት 70፣ በሁለተኛው 98 ይሆናሉ። ከሌላ ቦታ የሚመጡትን ሳንቆጥር በሁለት ዓመት ውስጥ ወደነበርንበት ተመለስን ማለት ነው። የማስወገዱ ሥራ ዘላቂ ውጤት የሚኖረው ከእንቁላል ቁጥጥርና መናፈሻውን ለዝይ የማይመች ከማድረግ ጋር ሲጣመር ብቻ መሆኑን ይህ ትንሽ ስሌት በግልጽ ያሳየናል።

በሥራ ላይ የዋሉ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ መኖሪያውን መለወጥ ነው። በኩሬው ዙሪያ ሣሩ ሳይታጨድ ከግማሽ ሜትር በላይ እንዲያድግ ወይም ቁጥቋጦ እንዲተከል ቢደረግ፣ ዝይው አዳኝ ተደብቆበት ይሆናል በሚል ፍርሃት ወደዚያ መውጣት ይጠላል። ጫጩቶቹም ከውኃ ወደ ሣር የሚሄዱበት መንገድ ይዘጋባቸዋል። ዳቦ መወርወርን መከልከልም የዚሁ አካል ነው። ይህ መንገድ ዝይን ባይገድልም የመናፈሻውን መልክ ይለውጣል፤ ነዋሪው ሕዝብ ደግሞ የተከረከመ ሣር ለምዷል።

ሁለተኛው ማስፈራራት ነው። ቦርደር ኮሊ የተባለው የእረኛ ውሻ ሰልጥኖ ዝይዎችን ሳይነክስ ያሳድዳል። ሌዘር ብርሃንና ልዩ ልዩ ድምፅ ሰጪ መሣሪያዎችም ይሠራባቸዋል። ለወይን ፍሬ መዓዛውን የሚሰጠው ሜቲል አንትራኒሌት የተባለ ውሕድ በሣር ላይ ሲረጭ ወፎቹ ጣዕሙን ስለሚጠሉት ይሸሹታል። ይሁንና ዝይ ብልህ ወፍ ነው። ጉዳት የማያደርስበትን ነገር ቶሎ ይለምደዋል፤ የተባረረውም የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ወደ ጎረቤት መናፈሻ ነው።

ሦስተኛው እንቁላልን ማምከን ነው። የእንቁላል ቅርፊት በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ፅንሱ የሚተነፍሰው በእነዚህ ነው። ቅርፊቱ በበቆሎ ዘይት ሲቀባ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑና ፅንሱ እድገቱን ያቆማል። እንቁላሉን ዝም ብሎ መውሰድ ብዙ አይጠቅምም፤ እናቲቱ ሌላ ልትጥል ትችላለችና። ዘይት የተቀባው እንቁላል ግን ወደ ጎጆው ስለሚመለስ ሳታውቅ መታቀፏን ትቀጥላለች፤ ተስፋ ስትቆርጥም ዳግም የምትጥልበት ጊዜ አልፏል። ሠራተኞቹ አስቀድመው እንቁላሉን ውኃ ውስጥ ይጨምሩታል። የሚንሳፈፍ ከሆነ በውስጡ ያለው የአየር ክፍል ሰፍቷል፣ ፅንሱም ገፍቷል ማለት ስለሆነ፣ በእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅቶች መመሪያ መሠረት አይነካም። ጫጩት ያጡ ጥንዶች ላባቸውን ለመጣል ወደ ሰሜን ርቀው የመሄድ ልማድ ስላላቸው፣ መናፈሻው ለዚያ በጋ ፋታ ያገኛል። በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ በሥራ ላይ ያለው ይህ ዘዴ ነዋሪዎች በየሰገነታቸውና በየጣሪያቸው የሚያዩትን ጎጆ እንዲጠቁሙ እስከ መጠየቅ ደርሷል። ወፎቹ በሕግ የተጠበቁ በመሆናቸው ጎጆ መንካት ሕጉ የሚያዘውን ፈቃድ ወይም ምዝገባ ይጠይቃል።

አራተኛውና ከባዱ መንገድ ዝይዎቹን ላባቸውን ጥለው መብረር በማይችሉበት ወቅት ከብቦ መያዝና ማስወገድ ነው። ቀደም ሲል የተያዙት ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ይጋዙ ነበር። ዛሬ ግን የሚቀበላቸው ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሁሉም ዝይ ሞልቶታልና።

የሁለት ከተሞች ልምድ

በኒውዮርክ ከሃድሰኑ አደጋ በኋላ በ2009 በጋ ከ1,200 በላይ ዝይዎች ተይዘው ተገደሉ። በሐምሌ 2010 ደግሞ በብሩክሊን በሚገኘው ፕሮስፔክት መናፈሻ ወደ 400 የሚጠጉ በአንድ ሌሊት ጠፉ። በማግስቱ ባዶውን ኩሬ ያዩ የአካባቢው ሰዎች እጅግ ተቆጡ። በባለሥልጣናቱ በኩል የቀረበው መከራከሪያ የአየር ጉዞ ደኅንነት ነበር። በተከታዮቹ ዓመታት ዝይዎች ወደ መናፈሻው ተመልሰዋል።

በኮሎራዶ የምትገኘው ዴንቨር ለብዙ ዓመታት እንቁላል በዘይት ስትቀባና ዝይዎችን ስታባርር ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመናፈሻዎቿ 1,662 ዝይዎችን ይዛ አስወገደች፤ ሥጋቸውም ለችግረኞች እንዲውል ተደረገ። በ2020 የተያዙት ወደ 500 ዝቅ ያሉ ሲሆን፣ በ2021 ዝይ አልተያዘም። በዚህችም ከተማ ተቃውሞው ብርቱ ነበር። ሰው ራሱ አስፍሮ፣ ራሱ መግቦ፣ ራሱ ሣር ዘርቶለት ያበዛውን ወፍ መግደሉ አግባብ ነውን? የሚለው የተቃዋሚዎቹ ጥያቄ በስሌት ብቻ የሚመለስ አይደለም። ይሁን እንጂ ስሌቱ አንድ ነገር ያስገነዝባል፤ በየዓመቱ በጸጥታ የሚሠራው የእንቁላልና የመኖሪያ ቁጥጥር በተዘነጋ ቁጥር ከተማው ወደ ከባዱ ምርጫ ይገፋል።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

የካናዳ ዝይ በአገራችን አይገኝም። ነገር ግን ጉዳዩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 1988 ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን የርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ተገድዶ ሲያርፍ በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች መካከል 35ቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ወፍ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በአየር ማረፊያ ዙሪያ ያለውን መኖሪያ ማጥናት የቅንጦት ሥራ አለመሆኑን ይህ ያስታውሰናል።

በሐይቆቻችን ዳርቻ የምናየው የግብፅ ዝይም ለጌጥ ወደ አውሮፓ ተወስዶ በዚያ በመራባቱ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 በወራሪ ባዕድ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በአንጻሩ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኘው ሰማያዊ ክንፉ ዝይ የሚኖርበት ረግረግና የወንዝ ዳር ሣር በልቅ ግጦሽና በእርሻ እየተጎዳ ነው። አንዱ ዝይ ሣር ስለተትረፈረፈለት ይበዛል፤ ሌላው ሣር ስላጣ ይሠጋል።

ከሁሉም የምንረዳው መሠረታዊ ነገር አንድ ነው። የአንድ ዱር እንስሳ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው ሰው በመሬቱ ላይ በሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ የሚበዛውን ለመቀነስም ሆነ የሚጠፋውን ለማዳን የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል፦ ወፉ የትኛው ነው? ከየት መጣ? ቁጥሩን የሚያሳድገው የስሌቱ ክፍልስ የትኛው ነው? የነገዎቹ የሥነ ሕይወት ባለሙያዎችና የከተማ ንድፍ ሠሪዎች ከእናንተ ከአንባቢያን መካከል ይወጣሉና፣ አንድ ኩሬ ከመቆፈሩና አንድ ሣር ከመዘራቱ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ብታነሡ፣ የኋላ ኋላ ከሚመጣው ከባድ ምርጫ ከተማውንም ወፉንም ልታድኑ ትችላላችሁ።